ለጀማሪ ሞተር ስመርጥ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለጎረቤቶቼ አንድ ነገር አልዋጥላቸው ብሏል።

«አስካለ፣ እውነት አንቺ ሞተር ቤት ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ምን ስትሠሪ?»

«ለጀማሪ ነጂ የሚስማማውን ሞተር ስመርጥ።»

እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷማ፣ «አንቺ? አውቶቡስ ላይ ዓይንሽን ጨፍነሽ የምትሄጂዋ?» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችብኝ።

አልተቀየምኳትም፤ እውነቷን ነው። ፈሪ ነኝ። ባሌ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተው ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ፍሬን እምቢ አላቸውና ገደል ገቡ። ልጄ ዘነበች ያኔ ጡት አልጣለችም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጎማ ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ ከመንገድ እሸሻለሁ። አውቶቡስ ከተሳፈርኩ የደብረ ብርሃንን ሜዳ እንኳ ዓይኔን ገልጬ አላየውም። እንዲህ ያለች ሴት ሞተር ቤት ኖራ፣ ተከብራ፣ ጋቢ ተሸልማ ወጣች ቢባል ማን ያምናል? ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። እንደማወራው ነው የምጽፈው፤ የሚያነበኝ ሰው አጠገቤ እንደተቀመጠ ይቁጠረው።

የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ የበግ ማርቢያ ፕሮጀክት ተቋቁሞ ነበር። የተሻለ ዘር ለገበሬ ማኅበራት ያከፋፍላል፣ በጎቻቸውን ያስከትባል። እኔ ቢሮ እጠርጋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። ከቢሮው ጀርባ ቆርቆሮ የለበሰ ጋራዥ አለ። መጥረጊያዬን ይዤ እዚያ በር ላይ ስደርስ ደጁን ብቻ ጠርጌ እመለሳለሁ።

የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ ሙሄ ነው። የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ ዘመዶቹ ሁሉ ነጋዴዎች ሲሆኑ እሱ በወጣትነቱ ደብረ ሲና ገብቶ የጭነት መኪና ሲፈታና ሲገጥም ያደገ። አንድ ቀን በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ውስጡን የማትጠርጊው ለጂኒ አከራይተሽው ነው?»

«እፈራለሁ፣ ጋሽ ሙሄ።»

«ምኑን?»

«ሞተሩን።»

«ይሄን የጠፋውን?»

«ድንገት ቢነሳስ?»

አልሳቀብኝም። አንድ ጣሳ ቤንዚን ከፊቴ አኖረና የተፈታታ ብረት ጨመረበት። «ይሄ ካርቡራተር ይባላል። ሞተሩ የሚተነፍስበት ነው፤ አፍንጫው በይው። አሁን አፍንጫው በእጃችን ነው፤ የት ይሄዳል? በይ እጠቢው።»

አጠብኩት። ካጠብኩት በኋላ ወደ ብርሃን አንስቼ በትንሿ ቀዳዳ አሻግሬ ሳይ የወዲያኛው ሰማይ ታየኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ደስ አለኝ። ጋሽ ሙሄም የእጄን ትንሽነት አይቶ፣ «ይቺ እጅ ለመጥረጊያ አትባክንም» አለና ሥራ አስኪያጁን ጠይቆ ወደ ጋራዥ አዛወረኝ። በዝውውሩ ደሞዜ ጨመረ፤ ጭማሪውን ግን አላነሳውም፣ የሚወራለት አልነበረም።

ስለ ጋሽ ሙሄ አመል ልንገራችሁ። ሞተር ከመንካቱ በፊት «ቢስሚላህ» ይላል፤ ከዚያ መዳፉን፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው፣ በቀስታ ያሳርፍበታል። ቀጥሎ የብሎን መፍቻውን፣ ካቻቢቴውን፣ ያነሳል። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ከዚያ ለእኔ ይሰጠኛል።

«ምን ይላል?»

«ይንኳኳል።»

«ማንም ይንኳኳል። የት? ከላይ ነው ከታች? ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ?»

እኔ ለማዳመጥ ዓይኔን እጨፍናለሁ። መጀመሪያ ከፍርሃት ነበር፤ በኋላ ግን ስጨፍን ይበልጥ እንደምሰማ አስተዋልኩ። ጋሽ ሙሄም ይህን ወደደልኝ። «ሌላው ሰው ሞተር ሲሰማ ዓይኑ ይቀላውጣል። አንቺ ግን ተሰጥቶሻል» ይለኝ ነበር።

ለሰው ደግሞ ሌላ መለኪያ ነበረው። አዲስ ነጂ ሲመጣ «መንዳት ትችላለህ?» ብሎ አይጠይቅም። እጁን ይዞ ሰላምታ ያበዛል። ስለ እናት፣ ስለ አባት፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ፣ ይጠይቃል፣ እጁን አይለቅም። ሰውየው ጨዋ ሽማግሌ ያገኘ ይመስለዋል። ጋሽ ሙሄ ግን በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ጣቶቹን እየለካ ነው፤ ማርሽ ሲቀየር የሚጨበጠውን ፍሪሲዮን ለመያዝ ይበቃሉ? ሲጨበጡ ይደነግጣሉ ወይስ ይጨብጣሉ? ሲሄድም ከኋላ ተረከዙን ያያል። «ችኩል ሰው ተረከዙ መሬት አይነካም» ይለኛል በሹክሹክታ።

ከድርቁ በኋላ አንድ የውጭ አገር ማኅበር ሦስት ሣጥን ላከልን። ስንከፍተው ባለ አራት ጎማ ሞተር ነው። እንደ ሞተር ሳይክል ተፈናጠው የሚነዱት፣ እንደ መኪና አራት እግር ያለው፣ ጋዙ በአውራ ጣት የሚገፋ። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ክፍሌ አብሮ የመጣውን ወረቀት አነበቡና ራሳቸውን ያዙ።

«ለበጎቹ ብለን የጠየቅነው ለስፖርት የተሠራ ሆኖ መጣ። ፈረንጆቹ አሸዋ ላይ የሚሽቀዳደሙበት ነው።»

«በጎቹም ይሽቀዳደሙ፣ ጓድ» አለ ጋሽ ሙሄ፣ መዳፉን አንዱ ላይ እያሳረፈ።

ሦስቱ በሲሲ ይለያያሉ። ሲሲ ማለት የሞተሩ ሆድ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ምን ያህል እንደሚውጥ። ጋሽ ሙሄ እንዲህ አስረዳኝ፦ «ትንሹ ዘጠና ነው፣ አንድ ስኒ። መካከለኛው መቶ ሰማንያ አምስት፣ ሁለት ስኒ። ቀዩ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ አንድ ብርጭቆ ሙሉ።» በግ ጠባቂዎቹ ወዲያው ስም አወጡላቸው። ትንሹ ጠቦት ተባለ፣ ቀዩ አውራ። መካከለኛው ለጊዜው ስም አልወጣለትም።

አውራውን መጀመሪያ የሞከረው ሾፌራችን ገብሬ ነው። ከባድ መኪና ነድቶ ያረጀ ሰው ነው። ጋሽ ሙሄ እጁን ይዞ ሰላምታ ሊያበዛበት ሲል፣ «ተወኝ ሙሄ፣ ከእናቴ ሆድ መሪ ይዤ ነው የወጣሁት! አራት ጎማ አራት ጎማ ነው» ብሎ ተፈናጠጠ። ቀዩ ሞተር አመሉ ክፉ ነው። መጀመሪያ ያንቀላፋል፤ ጋዝ ስትጨምርለት ዝም ይላል፣ ትንሽ ስትጨምርለት ዝም ይላል፣ ከዚያ ድንገት ጉልበቱን ሁሉ ባንዴ ይለቀዋል። ገብሬ ወደ ኋላ ሲለጠጥ አውራ ጣቱ አብሮ ጋዙን ገፋ። በጎቹ ተበተኑ። እኔ ጨፈንኩ። ዓይኔን ስገልጥ ገብሬ በጎች በመድኃኒት የሚታጠቡበት ገንዳ ውስጥ ቆሞ ቆቡን ይፈልጋል።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለው ጋሽ ሙሄ፣ «ዘንድሮ ቅማል አይደርስብህም።»

እንግዲህ አውራው ለጀማሪ እንደማይሆን ያን ዕለት ሁላችንም አወቅን። ያሳሳተንም ይኸው ነው። ትልቁ አደገኛ ከሆነ ትንሹ ደኅና ነው አልን። ወረቀቱም ለጀማሪ ትንሹን ይላል። ጓድ ክፍሌ አሉ፣ ጋሽ ሙሄ አለ፣ እኔማ ከሁሉ ቀድሜ አልኩ።

የመጀመሪያው ተረካቢ ታደሰ ነበር፤ የአንኮበር ቄስ ልጅ፣ የእንስሳት ጤና ረዳት። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ሲናገር አንገቱን የሚደፋ። ለእሱ ጠቦት ተሰጠ። በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ሲለማመድ ቆሜ አየሁት፤ ከሩቅ ነበርና አልጨፈንኩም። እንደ ወፍ ነው የሄደው። ሲወርድ ፊቱ በርቶ፣ «እትዬ አስካለ፣ ይሄ እኮ በቅሎ ነው!» አለኝ። መረቅነው፤ አንኮበር ሄደ።

ከአንኮበር በታች ጅረት አለ፤ ከጅረቱ ማዶ ወደ ገበሬዎቹ መንደር የሚወጣ ዳገት። ታደሰ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላ ጭኖ፣ ለብርዱ ጋቢ ደርቦ ወጣው። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ጠቦት ትንፋሽ አጠረው። ጋዝ ጨመረለት፤ ባሰበት። ጠፋ። የሞተሩ ፊት ወደ ሰማይ ተነሳ፣ ሣጥኑ ከኋላ ጎተተው፣ ተንሸራተተና ታደሰን ከሥሩ አድርጎ ተገለበጠ። ገበሬዎቹ በቃሬዛ አወጡት። ጭኑ ተሰብሯል። ሕይወቱ ተረፈ፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ሆስፒታል ልንጠይቀው ስንገባ አባቱ ራስጌው ተቀምጠው ነበር። አልተቆጡንም። «ልጄ ምን አጠፋ? ፈጥኖ ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ጋሽ ሙሄ፣ «አባ፣ ልጅዎ አንዳች አላጠፋም። እኔ ደግሞ ምን እንዳጠፋሁ ገና አላወቅሁም፤ ሳውቅ መጥቼ እነግርዎታለሁ» አላቸው። በማግሥቱ እኔን አስከትሎ አንኮበር ወረደ። ዳገቱ ላይ ተንበርክኮ የጎማውን ዱካ በእጁ ሲዳስስ ዋለ። ከዚያ ጠቦትን አስነስቶ፣ ካቻቢቴውን አቀበለኝ።

«ምን ይላል?»

ጨፈንኩና አዳመጥኩ። «ያፍነዋል፣ ጋሽ ሙሄ። ሳል እንደያዘው ሰው ነው።»

«እኔ ከአልዩ አምባ አንኮበር በእግሬ ስወጣ አይተሽኝ ታውቂያለሽ? ቆላ የለመደ ሳንባ እዚህ አየሩ ይሳሳበታል። በየድንጋዩ እየተቀመጥኩ ነው የምደርሰው። ይሄም እንደኔ ነው። የፈረንጅ አሸዋ ላይ አንድ ስኒ ሙሉ ይውጣል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ስኒው አይሞላለትም። በዚያ ላይ ሣጥን ጫንበት፣ ጋቢ ጫንበት። ሜዳ ላይ ባዶውን አስሮጠን ነው የመረጥነው።» የእጁን አፈር አራገፈና፣ «ሦስታችንም ፈርተን ነበር፣ አስካለ። የገብሬን ገንዳ አይተን ፈራን» አለ። ወደ ሆስፒታሉም ተመልሶ ለቄሱ ቃል በቃል ይህንኑ ነገራቸው።

የጋራዣችን ሥርዓት የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ጉብታ የፈተና ዳገት አደረግነው። ካርቡራተሩን ለደጋው አየር እንዲስማማ እኔ አስተካክለዋለሁ። ከኋላ የስንዴ ጆንያ ይጫናል። ጀማሪው ይወጣል፣ እኩሌታው ላይ «ቁም!» ይባላል፤ ይቆማል። ከዚያ እዚያው ዳገት ላይ ፍሬን ይዞ፣ ሳይንሸራተት፣ እንደገና ተነስቶ መሄድ አለበት። ሞተሩ ጆንያውንም ሰውየውንም ይዞ ከቆመበት የሚነሳ ከሆነ ሆዱ በቂ ነው። ጠቦት ፈተናውን ወደቀ። መካከለኛው፣ ባለ መቶ ሰማንያ አምስቱ፣ ሳያጉረመርም ተነሳ።

«ግን ይሄም ለጀማሪ ይፈጥናል» አልኩ፤ ያው ፍርሃቴ ነው።

ጋሽ ሙሄ ከጋዝ መስጫው ሥር አንዲት ትንሽ ብሎን አሳየኝ። ወደ ውስጥ ስትጠብቅ አውራ ጣት የፈለገ ቢገፋ ጋዙ ከልክ አያልፍም። ጉልበቱ ለዳገት ይቀራል፤ ሩጫው ብቻ ይታሰራል። ነጂው በደኅና ሄዶ በደኅና በተመለሰ ቁጥር ብሎኗ ትንሽ ትንሽ ትላላለታለች። በግ ጠባቂዎቹ ይህን ሰምተው፣ «አሃ፣ ቀጠቀጣችሁታ!» ብለው ሲንከተከቱ ዋሉ። መካከለኛው ያን ዕለት ሙክት ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን ጀማሪ በሙክት አስተማርን። ሌላ ሙክትም መጣልን፣ ከአንድም ሁለት። ወፍራሙም ቀጭኑም፣ ደፋሩም ድንጉጡም ወጣበት። የሰው አጥንት ግን ዳግም አልተሰበረም። ጋሽ ሙሄ ዓይኑ ሲደክም ጡረታ ወጣና ወደ አልዩ አምባ ወረደ። ሲሰናበተኝ ካቻቢቴውን ሰጠኝ። «ምርጫው ካሁን በኋላ ያንቺ ነው» አለኝ።

«እኔ ፈሪዋ?»

«ፈሪ መሆንሽን የምታውቂ አንቺ ነሽ። ሌላው የራሱን ፍርሃት አያውቅም።»

ጓድ ክፍሌም አጸደቁ። አንድም ጀማሪ ያለ አስካለ እሺታ ሞተር አይረከብም ተባለ። ደኅና ሠራሁ። የሰው ልጅ እጅ ይዤ ሰላምታ አበዛሁ፣ ስለ እናት ስለ አባት ጠየቅኩ፣ ተረከዝ አየሁ።

አንድ ጠዋት የጋራዡ በር ላይ የማውቀው ተረከዝ ቆሞ አየሁ። ቀና ስል ዘነበች ናት። የእንስሳት ጤና ሥልጠናዋን ጨርሳለች። የምደባ ደብዳቤዋን በእጇ እያርገበገበች ትስቃለች።

«የት ደረሰሽ?»

«አንኮበር! የታደሰ ቦታ፤ እሱ ቢሮ ገብቷል። እማዬ፣ ቀዩን ነው የምትሰጪኝ አይደል?»

«ቀዩን ትቼ ቀይ መሃረብም አልሰጥሽ።»

«እንግዲህ ሙክት።»

«ጠቦት» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። «ለሜዳው ትሆንሻለች። ዳገቱን በእግርሽ ትወጪዋለሽ።»

«ሣጥኑን ተሸክሜ?»

«በቅሎ አለ።»

ጓድ ክፍሌ ነገሩን ሰምተው ወደ ጋራዡ መጡ። አላዘዙኝም። ከመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀመጡና፣ «እትዬ አስካለ፣ ከአንኮበር በታች የበግ ፈንጣጣ ገብቷል» አሉ። «በበቅሎ ብትሄድ በረዶው መንገድ ላይ ይቀልጣል፤ ክትባቱ ውሃ ነው የሚሆነው። ሌላ ሰው ይላክ ቢሉኝ እልካለሁ። ልጅቷ ሥራዋን በዚህ ብትጀምር ወይም ባትጀምር የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።»

ዘነበች ዓይኖቿ እንባ ሞልተው፣ ግን ሳታለቅስ፣ «እማዬ፣ ለሰው ሁሉ ስትመርጪ ኖረሽ ለኔ ብቻ ልትሸሺ ነው?» አለችኝ።

ጨርቅ አንስቼ ጠቦትን መወልወል ያዝኩ። ጣርማ በር ነው በዓይኔ የሚሄደው። አባቷም ጠዋት እየሳቀ ነበር የወጣው።

በገበያው ቀን ዘነበችን ይዤ አልዩ አምባ ወረድኩ። ጋሽ ሙሄ በሩ ላይ ተቀምጦ ራዲዮ ይጠግናል። ዓይኑ ደክሟል፤ በድምፄ ነው ያወቀኝ። ነገሩን ነገርኩት። የዘነበችን እጅ ያዘና ሰላምታ ጀመረ። ስለ ትምህርቷ ጠየቃት፣ ስለ በጎቹ ጠየቃት፣ ስለ አንኮበር ብርድ ጠየቃት። ዘነበች ከኔ ሰምታ ታውቃለችና እየሳቀች፣ «ጋሽ ሙሄ፣ ለካኸኝ?» አለችው።

«ለካሁሽ። አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አስካለ፣ ይህች ልጅ የማታውቂያት የሰው ልጅ ብትሆን፣ ይህ እጅ፣ ይህ ዳገት፣ ይህ ሣጥን፣ የቱን ትሰጫት ነበር?»

«ሙክትን» አልኩ። ሳላስበው ወጣ።

«ብሎኗን?»

«እስከ እኩሌታ አጥብቄ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ቁልቁለት ምን አስወረደሽ? እኔ ከዚህ የምጨምረው የለም። ገበያ ግቡና በርበሬ ግዙ፣ እንዳው በከንቱ እንዳይሆን።»

ተመልሼ ሙክትን ፈታሁት። እሳት የሚለኩሰውን ካንዴላ አጸዳሁ፣ ካቴናውን አጠበቅሁ፣ ካርቡራተሩን አጥቤ ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁ። ዘነበችን እንደ ባዕድ አሠራኋት። ጆንያ ጭኜ ጉብታው ላይ አወጣኋት፣ «ቁሚ!» አልኳት፣ አስነሳኋት። ስትሳሳት፣ «ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቅሽ፣ እንደገና!» እላታለሁ። ገብሬ ሳይቀር አዘነላትና፣ «ኧረ አስካለ፣ የእንጀራ ልጅሽ ናት እንዴ?» አለኝ። «ዝም በል አንተ ዋናተኛ» አልኩት። እጇ ተላጠ፤ ቅባት ቀብቼ ደግሜ አወጣኋት። ከታች ጥቅልል ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በጆሮዬ ነው የማያት። አንድ ቀን ላይ ሞተሩ ከቆመበት ሲነሳ ድምፁ አንዴም ሳይሰበር እንደ ክር ተስቦ ወጣ። «በቃ» አልኩ። «በቃሽ።»

ሥራዋን በጀመረችበት ቀን ሙክትን በፕሮጀክቱ መኪና ጭነን አንኮበር ደረስን። እኔ ቀርቼ አልችልም አልኩ፤ መንገዱን ሁሉ ጨፍኜ ሄድኩ። ከጅረቱ ወዲህ ያለው አፋፍ ላይ ቆምኩ፤ ማዶው ዳገት ፊት ለፊት ይታያል። ታደሰ ከቢሮው እያነከሰ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ቀበቶዋን አጥብቆላት፣ ሣጥኑን በገመድ አስሮላት፣ «ወደ ፊት ጎንበስ በይ፣ ክብደትሽን ከፊት ጎማ ላይ አሳርፊው» አላት። እኔ ብሎኗን አንዴ ነካሁና ዞር አልኩ።

ወረደች፤ ጅረቱን ተሻገረች፤ ዳገቱን ጀመረች። ዓይኔ ተጨፈነ። ድምፁ ደኅና ነው። ማርሽ ቀነሰች፤ ደኅና ነው። ታደሰ የተገለበጠበትን ቦታ ልታልፍ ስትል ታደሰ፣ «ውይ!» አለ።

«ምን ሆነች?»

«አህዮች። የአልዩ አምባ ነጋዴዎች ጭነት ይዘው እየወረዱ ነው፤ መንገዱን ሞልተውታል።»

ድምፁ ወረደ። ወረደና ሊሰማ በማይችል ሹክሹክታ ሆነ። ቆማለች። እዚያው ቦታ፣ ከነሣጥኑ፣ የሞተሩ ፊት ወደ ሰማይ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ነጋዴው አህዮቹን «ሂድ! ሂድ!» እያለ ሲያሳልፍ ይሰማኛል። አንዱ አህያ አልሄድም ብሎ ነው መሰል፣ ስድቡ ማዶ ድረስ ይደርሳል።

ታደሰ ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ አስካለ፣ ዓይንዎን ይግለጡ» አለኝ። «እኔ ያላየሁትን እርስዎ ይዩት።»

ገለጥኩ። ልጄን አየኋት። ትንሽ ናት፣ እንደ ጥፍር። ፍሬኑን ይዛ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ ሳትነቃነቅ አህዮቹን ታሳልፋለች። የመጨረሻው አህያ አለፈ። ሙክት ድምፁን አነሳ። ያ ክር ተሳበ፤ አልተሰበረም። ጎማዎቹ ጠጠር በትነው ያዙ፤ ወደ ኋላ አንዲት ስንዝር አልሸሸችም። ወጣች። ወጣች! አፋፉ ላይ ስትደርስ ከበጎቻቸው ጋር የሚጠብቋት የመንደሩ ሴቶች እልልታቸውን አቀለጡት፤ እኔም ከወዲህ ማዶ ሆኜ መለስኩላቸው። ታደሰ በደኅናው እግሩ እየዘለለ ያጨበጭባል። «ዳገቱን ተበቀለችልኝ! ተበቀለችልኝ!» ይላል።

ዘነበች ወደ ማምሻው ባዶ ሣጥን ይዛ ተመለሰች። ፊቷ አቧራ ለብሷል፤ ጥርሷ ብቻ ነው የሚታይ። በረዶው ሳይቀልጥ ክትባቱ በሙሉ አለቀ። አቀፍኳት፤ እሷ ግን ቀድማ የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«እማዬ፣ ሄጄ በደኅና ተመልሻለሁ። ሥርዓቱ ምን ይላል?»

ካቻቢቴውን ከመቀነቴ መዘዝኩና ብሎኗን ትንሽ አላላሁላት። በተመለሰች ቁጥር እንዲሁ። ፈንጣጣው ከዚያ መንደር ጠፋ፤ ቀጥሎ ከጎረቤቱ። ገበሬዎቹ ሞተሯን ከሩቅ ሲሰሙ በጎቻቸውን አሰልፈው ይጠብቋት ጀመር። እኔ ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢውን ካለበሱኝ በኋላ ጓድ ክፍሌ፣ «ከጋራዡ ምን ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ?» ቢሉኝ ወደ ዘነበች ሙክት ሄድኩና ብሎኗን ጨርሼ ፈትቼ አወጣኋት። «ይቺን» አልኩ። ገብሬ፣ «ካቻቢቴውስ?» አለ። ካቻቢቴውን ለዘነበች ሰጠኋት።

ብሎኗን ዛሬም በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬያታለሁ። ሴቶቹ ቋጠሮውን እያዩ ምን እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ ስነግራቸው አያምኑም። ባለፈው ሰሞን ደጅ ተቀምጠን ሳለ ከአንኮበር በሚመጣው መንገድ አንድ ሞተር ከሩቅ ተሰማ።

«ይኸው ደግሞ ጨፈነች!» ብለው ሳቁብኝ። «አስካለ፣ ገና እሩቅ ነው እኮ፣ አይበላሽም!»

«ዝም በሉ እስቲ» አልኳቸው። «ማርሽ እየቀየረች ነው።»